የአያት ሽጉጥ በማን እጅ ይቆይ?

በደማም በሚገኘው የንጉሥ አብዱልዓዚዝ ወደብ የሚሠራ ሰው ባሕር ለብረት ምን ያህል ትዕግሥተኛ ጠላት እንደሆነ ያውቃል። የመርከብ ሰንሰለት፣ የክሬን ክንድ፣ የኮንቴይነር ማጠፊያ ሁሉ ተፍቆ ይቀባል፤ ዓመት ሳይሞላም ቡናማው ዝገት ከቀለሙ ሥር ተመልሶ ብቅ ይላል። በኮባር ዳርቻ በበጋው ወራት ከቀዘቀዘ ቤት ወደ ደጅ የወጣ ሰው መነጽሩ ወዲያው በጉም ይሸፈናል። ያ ጨው ያዘለ እርጥበት በሰው ላይ ላብ ሆኖ ያልፋል፤ በብረት ላይ ግን ይቀመጣል። በዚህ አካባቢ ለዓመታት የኖረ ኢትዮጵያዊ የብረትን ዕድሜ የሚወስነው ጥንካሬው ብቻ ሳይሆን የጠባቂው ትጋት ጭምር መሆኑን በዓይኑ አይቷል።

ይህ ዕውቀት ከአገር ቤት በሚመጣ አንድ የስልክ ጥሪ ጊዜ ያስፈልጋል። አባት ወይም አያት ሲያርፍ ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ስለ ቤቱ፣ ስለ መሬቱና ስለ ከብቱ ይወራል። በብዙ የወሎ፣ የጎጃም፣ የሸዋና የጎንደር ቤቶች በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ «ጋሼ፣ ከሣጥኑ ሥር ያለውን የአባባን ሽጉጥ ምን እናድርገው?» የሚል። ውጭ ያለው ታላቅ ወንድም መልስ ይጠበቅበታል። አንዱ ይሸጥ ይላል፤ ሌላው ለክፉ ቀን ይቀመጥ ይላል፤ ሦስተኛው ተወልውሎ እንደ አዲስ ያብራ ይላል። ሦስቱም መልሶች ከየራሳቸው ምክንያት የተነሡ ናቸው፤ ሦስቱም ግን ጉዳት ያስከትላሉ። ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ሽጉጡ ከመሣሪያነት ወደ ምስክርነት እንዲሸጋገር ማድረግ ነው። ይህም ማለት በሕግ ፊት የታወቀ፣ በጥንቃቄ የጸዳ፣ በወራሾች ሁሉ ስምምነት የተያዘ የታሪክ ማስረጃ እንዲሆን ማድረግ ነው።

በመጀመሪያ በእጅ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል። የኢትዮጵያ ሕዝብ መሣሪያን በስሙ የሚጠራ ሕዝብ ነው። ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ለበን፣ ስናድር፣ ቤልጅግ የሚሉት ስሞች ከፈረንሳይ፣ ከኦስትሪያ፣ ከእንግሊዝና ከቤልጂግ ፋብሪካዎች ተነሥተው በአማርኛ አፍ የተቃኙ ናቸው። ከሽጉጦች መካከል በአርበኞች ልጆች ቤት የተለመደው የኢጣሊያው ቤሬታ ነው። የ1934 ሞዴል የሚባለው ይህ ሽጉጥ 9 ሚሊ ሜትር አጭር ጥይት የሚጎርስ፣ ካርታው 7 ጥይት የሚይዝ ትንሽ መሣሪያ ሲሆን በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከወረረው የፋሺስት ጦር መኮንኖች ወገብ ላይ ይታይ ነበር። በላይ ዘለቀ በጎጃም፣ ራስ አበበ አረጋይ በሸዋ፣ ሌሎችም በየበኩላቸው ሲዋጉ ብዙው መሣሪያ የተገኘው ከጠላት በመማረክ ነበር። ስለዚህ በአንድ ገበሬ ሣጥን ውስጥ የተገኘ የኢጣሊያ ሽጉጥ የአንድ ቀን ውጊያ ቀሪ ምልክት ሊሆን ይችላል።

የዚህ ሽጉጥ ዋጋ ያለው በብረቱ ውስጥ ሳይሆን በብረቱ ላይ በተጻፈው ነው። በጎኑ የፋብሪካው ስም፣ የተሠራበት ከተማና ሁለት ዓመተ ምሕረቶች ተቀርጸዋል። አንደኛው የተለመደው የአውሮፓውያን ዓመት ነው። ሁለተኛው በሮማውያን ቁጥር የተጻፈው የፋሺስቶች የራሳቸው ዘመን ነው፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 (እ.አ.አ.) ጀምሮ የሚቆጠር። በ1937 (እ.አ.አ.) የተሠራ ሽጉጥ ከዓመቱ አጠገብ 15 ወይም 16 ቁጥር ይዞ ይገኛል። ለኢጣሊያ ንጉሣዊ ምድር ጦር የተሠራ ከሆነ ደግሞ ከዘውድ ምልክት ጋር የጦሩ ምሕፃር ተመትቶበታል። እነዚያ ሰዎች ዓለም ከእነርሱ ጀምሮ አዲስ ዘመን እንደምትቆጥር አምነው ብረት ላይ ጻፉት። ያ ቁጥር 19 ላይ ሲደርስ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው ነበር። በአንድ መዳፍ በምትያዝ ብረት ላይ የአንድ መንግሥት ትዕቢትና የፍጻሜው ቆጠራ አብረው ተጽፈው መገኘታቸው ከየትኛውም መጽሐፍ የማያንስ ትምህርት ነው።

ጽሑፍ ያለበት መሣሪያ ምን ያህል እንደሚናገር የአፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ያስረዳል። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለቆንስል ፕላውደን ስለተደረገው በጎነት ምስጋናዋን የሚገልጽ ጽሑፍ የተቀረጸባቸውን ሽጉጦች ላከችላቸው፤ በ1862 (እ.አ.አ.) ቆንስል ካሜሮን አደረሱ። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን የሠዉት ከዚያ ስጦታ በአንዱ እንደሆነ ታሪክ ይዘግባል። የምስጋናው ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ ያ ሽጉጥ ከብዙ ሽጉጦች አንዱ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ጽሑፉ ስላለ ግን የሁለት መንግሥታት ወዳጅነት እንዴት እንደጀመረና እንዴት እንደፈረሰ በአንድ ዕቃ ላይ ይነበባል።

«ይወልወልና ያብራ» የሚለው በጎ ሐሳብ አደገኛ የሚሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው። በሸካራ መፋቂያ ወረቀት ወይም በሽቦ ብሩሽ የተፈተገ ሽጉጥ ለአንድ ሳምንት ያብረቀርቃል፤ የዓመቱ ቁጥር፣ የዘውዱ ምልክትና የመለያ ቁጥሩ ግን ከዝገቱ ጋር ተፍቀው ይሄዳሉ። ፋብሪካው ብረቱን ያለበሰው ጥቁር ሰማያዊ ቀለምም ለመከላከያ የተሠራ ስስ ቆዳ ስለሆነ እርሱ ሲገፈፍ እርቃኑን የቀረው ብረት ከቀድሞው በባሰ ፍጥነት ይዝጋል። ሎሚና ኮምጣጤም እንዲሁ ናቸው፤ አሲዳቸው ዝገቱን ሲበላ ብረቱንም አይምርም። ቅቤና ሞራ መቀባት አባቶች በእጃቸው ባለው ነገር ያደረጉት ጥንቃቄ ነበር፤ ነገር ግን ስብ ሲቆይ ይኮመጥጣል፣ አቧራ ይይዛል፣ ነፍሳትንም ይጠራል። የምግብ ዘይት ደግሞ ደርቆ እንደ ሙጫ ይጣበቃል።

ትክክለኛው ሥራ ቀላልና ዘገምተኛ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መሣሪያው ባዶ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በእንዲህ ዓይነቱ ሽጉጥ ካርታውን ማውጣት ብቻ አይበቃም፤ አንድ ጥይት አስቀድሞ ጎርሶ ሊቀር ስለሚችል አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ተደርጎ የጥይት ማጉረሻው ተከፍቶ መታየት አለበት። ዝገቱ አጣብቆት አልከፈት ካለ በመዶሻም ሆነ በጉልበት መታገል አይገባም፤ በዚያ ጊዜ ፖሊስ ወይም የመሣሪያ ባለሙያ መጥራት የሕይወት ጉዳይ ነው። አብረው የተገኙ አሮጌ ጥይቶችም በቤት ውስጥ የሚቀመጡ፣ በእሳት የሚጣሉ ወይም በሠርግ ቀን የሚሞከሩ አይደሉም። ለፖሊስ መሰጠት አለባቸው። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ብረት ውስጡ በዝገት ተበልቶ እንደሆነ በውጭ አይታወቅምና የተኳሹን እጅ ሊያሳጣ ይችላል።

ባዶነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ቀዩና ዱቄት የሚመስለው ዝገት ብቻ በጨርቅና በጥቂት ቀጭን የማሽን ዘይት ቀስ በቀስ ይለቀማል። ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ ብረቱን የለበሰው አሮጌ ገጽ አይነካም፤ ያ የዕድሜው ልብስ ነው። በአፈሙዙ ውስጥ ግን የተለየ ችግር አለ። የዚያ ዘመን አብዛኞቹ የጦር ጥይቶች መቀጣጠያቸው ሲፈነዳ ከማዕድ ጨው ጋር የሚቀራረብ ጨው ይተዋል፤ ይህም ጨው እርጥበት እየሳበ ብረቱን ከውስጥ ይበላል። ዘይት ጨውን አያሟሟም፤ ውኃ ግን ያሟሟል። ስለዚህ የዘመኑ ወታደሮች ከተኩስ በኋላ አፈሙዙን በሙቅ ውኃ አጥበው፣ ፈጽሞ አድርቀው፣ ከዚያ ዘይት ይቀቡ ነበር። ይህን የሚረዳ ሰው የደማምን የባሕር ጨውና የአያቱን ሽጉጥ ዝገት በአንድ ምክንያት ያስተሳስራቸዋል።

በመጨረሻ ብረቱ በስሱ ሰም ይቀባል። ሙዚየሞች የሚጠቀሙበት ጥሩው ሰም ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ነው። በዛህራን የሚገኘው ሰባተኛው የደማም ጉድጓድ በ1938 (እ.አ.አ.) ለምሥራቁ አውራጃ ያስገኘው ሀብት ከሚሰጣቸው ብዙ ነገሮች አንዱ የጥንት ብረትን የሚያቆይ ሰም መሆኑ የሚያስገርም ነው። የሰው ላብም ጨውና አሲድ ስላለው ከዚያ ወዲያ ሽጉጡ በባዶ እጅ አይነካ፤ ንጹሕ የጥጥ ጓንት ይበቃል። በቆዳ አፎቱ ውስጥ ተከቶ መቀመጥም የለበትም። ቆዳ እርጥበት ያቁራል፣ ከአለፋፉ የቀረው አሲድም ብረቱን ያዝገዋል። አፎቱ ለብቻ፣ ሽጉጡ ለብቻ በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልለው፣ በጫማ ሣጥኖች ውስጥ የሚገኘው እርጥበት መጣጭ ሲሊካ ጄል አብሯቸው ተቀምጦ፣ ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ይቆዩ። የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ብረቱ ለልጅ ልጅ ይደርሳል። በደጋው አገር ይህ በበጋ ቀላል ነው፤ በክረምት ግን ሣጥኑን ከጭቃ ግድግዳና ከወለል ማራቅ ያስፈልጋል።

ከብረቱ ጥበቃ በላይ የሚከብደው ግን የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው። በብዙ ቤተሰብ ልማድ የአባት መሣሪያ ያለ ጥያቄ ለታላቁ ወንድ ልጅ ይተላለፋል። ለሙስሊም ቤተሰብ ይህ ልማድ ከሸሪዓ ጋር ይጋጫል። ሟቹ የተወው ንብረት ሁሉ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ዕዳውና ኑዛዜው ከተፈጸመ በኋላ ለወራሾች የሚደለደል ነው፤ ሽጉጡም ከዚህ ውጭ አይደለም። ሴት ልጅም፣ ሚስትም፣ እናትም ድርሻ አላቸው። ሟቹ በሕይወት ሳለ «ለእገሌ ይሁን» ብሎ ለአንዱ ወራሽ ቢናዘዝ እንኳ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ እንደማይጸና አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት ያስተምራሉ። ሽጉጥ ተቆርጦ አይከፈልምና መፍትሔው መነጋገር ነው። ወራሾች ሁሉ ተስማምተው አንዱን ጠባቂ ያድርጉ፤ ስምምነቱን ይጻፉ፤ ምስክርም ይኑርበት። እኅት ሳትጠየቅ በወንድም እጅ የገባ የአባት ሽጉጥ ቅርስ ሊባል አይችልም፤ የተቀማ ድርሻ ነው።

ከዚህም የተሻለ መንገድ አለ፤ ወቅፍ። ታላቁ የጦር መሪ ኻሊድ ኢብን አል-ወሊድ (ረ.ዐ.) ጥሩራቸውንና የጦር ዕቃቸውን በአላህ መንገድ ወቅፍ እንዳደረጉ በሐዲስ ተዘግቧል። ብዙዎቹ ሊቃውንትም ከመሬትና ከሕንፃ ውጭ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ወቅፍ ሊሆን እንደሚችል ለማስረዳት ይህን ዘገባ ይጠቅሳሉ። ዛሬ አንድ ቤተሰብ የአያቱን ሽጉጥ ታሪኩን ከሚናገር ጽሑፍ ጋር ለሕዝብ ሙዚየም ቢሰጥ ከዚህ መንፈስ አይርቅም። ሽጉጡ ለማንም የማይሸጥ፣ ለሁሉም የሚታይ ይሆናል።

የመንግሥት ሕግም በዚሁ አቅጣጫ ይሄዳል። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝ በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ ወራሹ «አሮጌ ስለሆነ አይቆጠርም» ብሎ ራሱን ከማታለል ይልቅ ሽጉጡን ይዞ ከመዘዋወሩ በፊት ቀርቦ ማሳወቅና መመሪያ መጠየቅ አለበት። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። በሳዑዲ ዓረቢያም በ1426 ዓመተ ሂጅራ የወጣው የጦር መሣሪያና ጥይት ሥርዓት መሣሪያን ያለ ፈቃድ ማስገባትንና መያዝን ወንጀል አድርጎታል። በደማምና በኮባር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከዚህ የሚረዳው ነገር ግልጽ ነው፤ የአያቱን ሽጉጥ በናፍቆት ስሜት በሻንጣ ወይም በዕቃ ጭነት ወደ ወደቡ ለማምጣት ማሰብ ሥራውን፣ ነጻነቱንና የቤተሰቡን እንጀራ አሳልፎ መስጠት ነው። ቅርሱ ታሪኩ ባለበት አገር ይቆይ። ወደዚህ ለሚመጣው ፎቶግራፉ ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ክብደትም አለው። «አገሩ ጸጥ ባላለበት ጊዜ መሣሪያን ለሙዚየም ስጡ ማለት የዋህነት ነው» የሚሉ አሉ። የስጋቱን ምንጭ መካድ አይቻልም። ሆኖም የ1934 ሞዴል ሽጉጥ ዛሬ ማንንም ከአደጋ አያድንም። ጥይቱ አርጅቷል፣ ብረቱ ታሟል፣ በችኮላ የሚይዘው እጅም አልሠለጠነበትም። በቤት ውስጥ የሚያደርሰው አደጋ ግን የታወቀ ነው። ልጅ በጨዋታ ያነሳዋል፤ ወንድማማቾች በንዴት ይማዘዙበታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ሰው በቀልድም ቢሆን መሣሪያን ወደ ወንድሙ እንዳያነጣጥር የከለከሉት የሰው እጅ ሲሳሳት ስለሚታወቅ ነው። ጠላት በመጣ ጊዜ አገር የጠበቀ ሽጉጥ ጠላት በሌለበት ቤት ውስጥ የራሱን ባለቤት ልጅ ቢገድል የአያትን ክብር ማፍረስ ነው።

ሌላው ተቃውሞ «ሙዚየሙስ ይጠብቀዋልን?» የሚል ነው። ይህም መሠረት አለው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል፣ ጉዳትም ደርሶበታል። ሕዝብ ያለውን እንዲሰጥ የሚጠይቅ ተቋም የተሰጠውን መጠበቅ እንደሚችል ማሳየት አለበት። ለዚህ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። ለታሪካዊ መሣሪያ ባለቤቶች ያለ ፍርሃት ቀርበው የሚያስመዘግቡበት ቀና መንገድ ሊከፈት ይገባል፤ ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ለሰጪው ቤተሰብ ደረሰኝና ስሙን የሚጠቅስ መግለጫ ሊሰጥ ይገባል፤ የክልል ሙዚየሞችም ለብረት ጥበቃ የሠለጠነ ቢያንስ አንድ ባለሙያ ሊኖራቸው ይገባል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ሕዝቡ የአባቶቹን ዕቃ በክብር ለማየት ያለውን ጉጉት አሳይቷል። ያ ጉጉት በየወረዳው ሣጥን ውስጥ ያለውን ለማዳን መዋል አለበት።

ሌሎች አገሮች የጦር ዕቃን እንዴት እንደሚያቆዩ ማየትም ይጠቅማል። በሪያድ በሚገኘው የመስመክ ምሽግ በር ላይ በ1902 (እ.አ.አ.) ውጊያ የተሰካ የጦር ጫፍ እስከ ዛሬ እንደተሰካ ይታያል። ማንም ነቅሎ አልወለወለውም፤ ትርጉሙ በተሰካበት ቦታ ላይ መቆየቱ ነው። በኢስታንቡል የቶፕካፒ ቤተ መንግሥትም ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደነበሩ የሚነገርላቸው ሰይፎች ይጠበቃሉ፤ ሰው በአክብሮት ያያቸዋል እንጂ ማንም ለውጊያ አያነሳቸውም። በተቃራኒው ሙሶሊኒ በ1937 (እ.አ.አ.) በትሪፖሊ የሙስሊሞች ጠባቂ ነኝ እያለ «የእስልምና ሰይፍ» የተባለ ያጌጠ ሰይፍ ተቀብሎ ነበር፤ ሰይፉ የተሠራው በፍሎረንስ ነበር። በዚያው ዘመን የእርሱ ጦር በኢትዮጵያ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድነት ያስጨንቅ ነበር፤ ዑመር ሰመተርን የመሰሉ ሙስሊም ተዋጊዎችም በኦጋዴን ግንባር ለኢትዮጵያ ወግነው ተዋግተውታል። የወርቅ ጌጥ ካለው የውሸት ሰይፍ ይልቅ አንድ ዝገት የያዘ የተማረከ ሽጉጥ የበለጠ እውነት ይናገራል።

እውነቱን የሚናገረው ግን ታሪኩ አብሮት ከተቀመጠ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዘይቱና ከሰሙ በፊት ወረቀትና ስልክ ይዘጋጁ። በሽጉጡ ላይ ያለው ምልክትና ቁጥር ሁሉ በፎቶግራፍ ይነሣ። አያት ከየት እንዳገኙት፣ በየትኛው ቦታ፣ ከማን ጋር ሆነው እንደተዋጉ የሚያስታውሱ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ድምፃቸው ይቀረጽ። እርግጥ የሆነው እርግጥ ተብሎ፣ የሚነገረው «ይባላል» ተብሎ ይጻፍ። በኮባር የሚሠራው ልጅ ገንዘብ መላክ ብቻ ሳይሆን ይህንንም ከዚህ ሆኖ ሊሠራው ይችላል፤ አንድ ምሽት ከአክስቱ ጋር በስልክ ቢነጋገርና የምትለውን ቢቀርጽ ከሽጉጡ ውድ ክፍል ግማሹን አዳነ ማለት ነው።

በመቅደላ አምባ የሴባስቶፖል መድፍ ዛሬም አለ። በጋፋት የተሠራው ይህ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ከመቶ ሃምሳ ዓመታት በላይ ዝናብና ፀሐይ የቻለው ከነሐስ ስለተሠራ ነው። የአያት ሽጉጥ ግን ብረት ነው፤ እንደ ነሐስ ራሱን አይጠብቅም። የሚጠብቀው የወራሾች ስምምነት፣ የሕግ መዝገብና በየጊዜው የሚያየው ንጹሕ እጅ ነው። ከሣጥኑ ሥር ያለው ጥያቄ በሚቀጥለው የስልክ ጥሪ ሲነሣ መልሱ አጭር ሊሆን ይገባል፤ አትሽጡት፣ አትፈትጉት፣ አታጉርሱት። እኅቶችን ጥሩ፣ ለፖሊስ አሳውቁ፣ ፎቶግራፍ አንሡ፣ የአባባንም ታሪክ ጻፉ።